ንጉሡን የዘመኑን ልብስ አለበሳችሁት፤ የዘመኑን ዜማም አሰሙት

ይድረስ ለታሪካዊ ተከታታይ ድራማ ፕሮዲውሰሮች፣ ዳይሬክተሮች፣ ሙዚቃ መራጮችና የድምፅ ባለሙያዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለንደን የምኖር በገና ደርዳሪ ነኝ። የእንግሊዝ ቱዶሮች ይሁኑ የፈረንሳይ ነገሥታት፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ድራማ ከመጣ አያመልጠኝም። ሥራችሁን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው የምጽፈው። ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛም እልክላችኋለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት ግን ጉዳዩ እኛንም ስለሚነካ ነው። እንዴት እንደሚነካን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ከአንድ ምሽት ልጀምር። ባለፈው የገና ሰሞን አክስቴ ቤት ቁጭ ብለን ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የተሠራ ድራማ እናያለን። አክስቴ እንግሊዝኛውን ብዙም አትከተለውም። ቀሚሱን፣ ጌጡን፣ የገበታውን ብዛት ለማየት ነው የምትቀመጠው። አንድ ወጣት ሙዚቀኛ በንግሥቲቱ ፊት ይጫወታል። ማርክ ስሚተን ነው። ታሪኩን ለማታውቁት አንባቢዎች፣ ስሚተን የንጉሡ ቤተ ሙዚቀኛ ነበር። በ1536 ከንግሥት አን ቦሊን ጋር ተወዳጅተሃል ተብሎ ተያዘ። ከተከሰሱት ወንዶች መካከል ያመነው እሱ ብቻ ነው። በግንቦት ወር ከሌሎቹ ጋር አንገቱ ተቀላ። እንግዲህ ይህ ልጅ ነው በዚያ ትዕይንት ላይ የሚጫወተው። ሕይወቱን ያሳጣው ወደዚያ ክፍል ያስገባው ሙያው ነው።

አክስቴ ድንገት ወደ እኔ ዞራ፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ እጁን ካቆመ ቆየ እኮ። ዜማው ግን ይሄዳል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የልጁ ጣቶች አውታሩ ላይ ዝም ብለው አርፈዋል። ድምፁ ግን ይፈሳል። ድምፁም ቢሆን ልጁ የያዘው፣ ሉት የሚባለው የጥንት ባለ አውታር መሣሪያ ድምፅ አልነበረም። የብረት ክር ያለው ጊታር ነው። በዚህ ላይ ልጁ አውታር መምቻ መግረፊያ ይዟል። በስሚተን ዘመን የሉት ተጫዋች መግረፊያውን ትቶ በጣቱ ጫፍ መጫወት ከጀመረ ቆይቷል። በጣት ሲሆን ሁለት ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቻላላ። ትንሿ ጣቱ የሉቱ ፊት ላይ ታርፋለች፤ ሌሎቹ ይሠራሉ። አውታሩ ከበግ አንጀት ነው። የሉቱ አንገት ላይ ዙሪያውን የታሰሩት ክሮችም አንጀት ናቸው። ድምፁ ለስለስ ያለና ቶሎ የሚሞት ነው። ለመስማት ክፍሉ ዝም ማለት አለበት። አስቡት፤ ንግሥቲቱና አንድ ወጣት፣ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ። የዚያ ትዕይንት ውጥረት ሁሉ እዚያ ዝምታ ውስጥ ነበር። በጊታር ሸፈናችሁት።

ስለ አክስቴ አንድ ነገር ልጨምር። ንግግሩን የማይከተል ሰው ዓይኑና ጆሮው ይበረታል። ሥራችሁን በመላው ዓለም ትሸጣላችሁ። ከሚያዩት ሰዎች ብዙዎቹ እንደ አክስቴ ናቸው። ተዋናዩ የሚለው ነገር ሲያመልጣቸው የሚቀራቸው ሙዚቃው ነው።

በዚያው ድራማ ሌላ ክፍል ላይ ግብዣ አለ። ጊዜው 1530 አካባቢ ነው። ሙዚቀኞቹ «ግሪንስሊቭስ» የተባለውን የእንግሊዝ ዘፈን ይጫወታሉ። ያንን ዜማ ሄንሪ ራሱ ለአን ደርሶላታል የሚል ወሬ አለ። ወሬ ነው። ዜማው ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገብ የሚገኘው በ1580 ነው፤ ያኔም «አዲስ ዘፈን» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ሄንሪ የሞተው በ1547 ነው። የ33 ዓመት ልዩነት አለው ማለት ነው። በ1530 ግብዣ ላይ የእጅ ሰዓት ያሰረ አሳላፊ ቢታይ ኤዲተሩ ያንን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል። ዜማው ሲሆን ግን ሁሉም ዝም ይላል።

የሚያሳዝነው እውነተኛው ዜማ በእጃችን መኖሩ ነው። ሄንሪ ዘፈን ይደርስ ነበር። በ1518 አካባቢ የተጻፈ ቤተ መንግሥታዊ የዜማ መጽሐፍ ዛሬም ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አለ። 109 ዘፈንና የመሣሪያ ዜማ ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ ከ30 በላዩ «የንጉሡ» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ሁሉም ድንቅ አይደለም፤ አንዳንዱ የተማሪ ሥራ ይመስላል። «ከመልካም ወዳጆች ጋር ጊዜ ማሳለፍ» የሚለው ዘፈኑ ግን የወጣትነቱን ሙሉ ሰው ያሳያል። አደን፣ ዘፈንና ጭፈራ የሚወድ፣ ማንም ምንም ቢል የሚስቅ ልጅ ነው። በኋላ ሚስቶቹን ያስገደለውን ሰው ለመረዳት ይህ ዘፈን ከአሥር ገጽ ንግግር ይበልጣል። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ወጣቱ ንጉሥ ራሱ ይዝፈነው። በመጨረሻው ክፍል ላይ እግሩ ቆስሎ፣ ሰውነቱ ከብዶት ሲቀመጥ ሌላ ሰው ያንኑ ዘፈን ከሩቅ ያሰማ። ተመልካቹ ምንም ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባዋል።

ሀብቱ በዘፈን ብቻ አያበቃም። ንጉሡ ሲሞት ንብረቱ ተቆጠረ። ከ70 በላይ ሬኮርደር የተባለው የእንጨት ዋሽንት፣ ከ20 በላይ ሉት ተገኘ። በ1516 ከቬኒስ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ዲዮኒዚዮ ሜሞ ወደ ሄንሪ ቤት መጣ። በ1540 ገደማ ደግሞ ባሳኖ የሚባሉ ወንድማማቾች ከቬኒስ መጥተው ተቀጠሩ። እነሱና ልጆቻቸው ወደ አንድ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ለእንግሊዝ ነገሥታት ተጫወቱ። ወንድማማቾች አብረው ሬኮርደር ሲነፉ አስቡት። ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ፣ ሁሉም ከአንድ እንጨት ቤተሰብ፣ እስትንፋሳቸው አንድ ላይ። እስካሁን ባየኋቸው ድራማዎች ይህን የሚያሳይ ትዕይንት አላየሁም።

ያ ዘመን ሙዚቃውን በሁለት ይከፍለው ነበር፤ ጮክ ያለና ዝግ ያለ። ጮክ ያለው መለከት፣ ሾም የሚባለው ስለታም ድምፅ ያለው ነፋሻ፣ የትሮምቦን አያት የሆነው ሳክበት ነው። ይህ ለአደባባይ፣ ለሰልፍ፣ ለትልቅ አዳራሽ ጭፈራ ነው። ዝግ ያለው ሉት፣ በቀስት የሚጫወቱት ቫዮል፣ ሬኮርደር፣ በገና መሰሉ ሃርፕ ነው። ይህ ለእልፍኝ ነው። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋሪትና እምቢልታን ማንም ሰው እልፍኝ አያስገባም፤ በገናም ሰልፍ አይመራም። የትኛው ድምፅ የት ቦታ እንደሚሰማ ማወቅ ሥልጣን የት እንዳለ ማወቅ ነው። እናንተ ግን ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር ሲገባም፣ ብቻውን ሲያለቅስም ያው መቶ ቫዮሊን ነው።

አሁን ወደ ራሴ መሣሪያ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጥንት መሣሪያዎችን የሚሠራ አንድ ሰው ሥራ ቤት ገባሁ። በ1500 አካባቢ በነበረው ዓይነት የተሠራ ትንሽ ሃርፕ አሳየኝ። አንዱን አውታር ሲነካው እንደጠበቅሁት ንጹሕ ድምፅ አወጣ። ቀጥሎ አውታሩ ሥር ያለችውን የታጠፈች የእንጨት ካስማ በጣቱ ጠምዘዝ አደረጋት። ካስማዋ አውታሩን ለጥቂት ነካችው። ሰውየው እንደገና ደረደረ። ዝዝዝዝ አለ። ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። «እንዝራ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ምን እንዳልኩ አልገባውም።

በገና የሚደረድር ሁሉ ያውቃታል። እንዝራ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። ለበገና ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። ቦታዋን ለማግኘት ስንት ደቂቃ እናባክናለን። የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያንም ሃርፓቸው እንዲነዝር ይፈልጉ ነበር። ለስላሳው፣ የመላእክት የሚመስለው የሃርፕ ድምፅ የኋላ ዘመን ጣዕም ነው። በድራማ ላይ የምታሰሙን ግን ሁልጊዜ ያንን ለስላሳውን ነው። የአዲስ አበባ ሰው የቱዶርን እውነተኛ ሃርፕ ቢሰማ ከእናንተ ሙዚቃ መራጭ ይልቅ ቶሎ ይለምደው ነበር። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምትሠሩ አላጣሁትም። በቀረጻ ቦታ ላይ ተዋንያን እየተነጋገሩ ሙዚቀኛ ከጎናቸው ቢጫወት ንግግሩና ሙዚቃው አንድ ማይክ ውስጥ ይገባሉ። ኤዲተሩ ንግግሩን ሲቆርጥ ዜማውም አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ሙዚቀኛው እንዲያስመስል ይነገረዋል፤ ድምፁ ከወራት በኋላ ይለጠፋል። የሚያስመስለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙዚቀኛ አይደለም፤ ልብሱ ልክ የሆነለት አጃቢ ተዋናይ ነው። የአክስቴ «እጁን አቁሟል» የመጣው ከዚህ ነው።

መላው ከባድ አይደለም። ዜማውን አስቀድማችሁ መርጣችሁ አስቀርጹ። በቀረጻው ቀን የቀረጹትን ሙዚቀኞች ራሳቸውን አምጥታችሁ ልብሱን አልብሷቸው። ድምፅ ሳያወጡ ቢያስመስሉ እንኳ ጣታቸው የት እንደሚሄድ ያውቃል። ንግግር የሌለበት አንድ ሰፊ ሾት ካለ ደግሞ በቀጥታ ይጫወቱ፤ የአዳራሹ ድንጋይ የሚመልሰውን ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ አታገኙትም። ጭፈራም ካለ ጨፋሪዎቹ ልምምዱን በዚያው ዜማ ይጀምሩት። ፓቫን ዝግ ብሎ የሚራመድ ነው፤ ጋሊያርድ የሚዘል ነው። አንዱን በሌላው ፍጥነት ካጨፈራችሁ እግሩ ይዋሻል። የደራሲ መብት ክፍያ ካሳሰባችሁ፣ የሞቱት ከ400 እና ከ500 ዓመት በፊት ነው። የምትከፍሉት ለዛሬዎቹ ሙዚቀኞችና ዜማውን ከብራና አንብበው ላዘጋጁት ባለሙያዎች ነው። እነሱም ይገባቸዋል። ስማቸውንም መጨረሻ ላይ በሚነበብ ፊደል ጻፉላቸው።

ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አልጠየቅኳችሁም። በ1970 ቢቢሲ የሄንሪ 8ኛን ስድስት ሚስቶች ታሪክ በድራማ ሲያቀርብ ሙዚቃውን የሠራው ዴቪድ መንሮው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በወጣው የንግሥት ኤልዛቤት 1ኛ ድራማም እንዲሁ። መንሮው ያኔ ሰላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከየሙዚየሙና ከየሠሪው የተረሱትን ነፋሻዎች ፈልጎ፣ ተምሮ ነፋቸው። በ33 ዓመቱ ነው የሞተው። ብዙ እንግሊዛዊ የጥንት ሙዚቃን የወደደው በዚያ የቴሌቪዥን ድምፅ ነው። በ2015 ደግሞ ስለ ሄንሪ ሹም ስለ ቶማስ ክሮምዌል የተሠራው «ዉልፍ ሆል» ማጀቢያውን ለአንድ የሙዚቃ ደራሲ፣ የቱዶር ዘመን ሙዚቃውን ደግሞ ለክሌር ቫን ካምፔን ሰጠ። ሥራው ተከፈለ፤ ማንም ማንንም አልተጋፋ። ያ ድራማ የሌሊቱን ትዕይንት በእውነተኛ ሻማ ብርሃን ቀርጿል። ለዓይን ሻማ የበራለት ሰው ለጆሮም ተመሳሳዩ ይገባዋል ያለ ሰው ነበረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንዳትቀየሙኝ አንድ ነገር ልበል። ማጀቢያውን አልተቃወምኩም። ተዋንያኑ የማይሰሙት፣ ለእኛ ብቻ የሚሰማው ሙዚቃ የፈለገው ዘመን ይሁን። ኦርኬስትራም ሲንተሳይዘርም ይምጣ፤ የደራሲው ጥበብ ነው። የምከራከረው ክፍሉ ውስጥ ስላለው ሙዚቃ ነው። ንጉሡ የሚሰማው፣ ንግሥቲቱ የምትጨፍርበት፣ ሙዚቀኛው በእጁ የያዘው። እሱ እንደ ልብሱና እንደ ገበታው የዚያ ዓለም ዕቃ ነው።

«እውነተኛው ድምፅ እንዴት እንደነበረ ማን ያውቃል?» የሚል ሰውም አለ። ልክ ነው፣ ሁሉም አልተጻፈም። የዚያ ዘመን ሙዚቀኛ ብዙውን በቃሉ ይዞ፣ በየጊዜው እያሳመረ ነበር የሚጫወተው። እኛም አዝማሪው ትናንት ያለውን ዛሬ እንደማይደግም እናውቃለን። ግን ያልተጻፈውን መሙላትና የተጻፈውን መጣል ለየቅል ናቸው።

አሁን ቃል ወደገባሁት ነገር ልምጣ፤ ለምን በአማርኛ።

በ1520 በሰኔ ወር ሄንሪ 8ኛና የፈረንሳዩ ፍራንሲስ 1ኛ ካሌ አጠገብ ተገናኙ። ቦታው በወርቅ ጨርቅ ድንኳኖች ስለተሞላ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል። ሁለቱም ነገሥታት የቤተ ጸሎት ዘማሪዎቻቸውን ይዘው መጥተዋል። በመጨረሻው ቅዳሴ የእንግሊዙና የፈረንሳዩ እየተቀባበሉ ዘመሩ። ይህን ድራማ ሠሪዎች ያውቁታል። ተሠርቷልም።

በዚያው በ1520 ሌላ የድንኳን ከተማ ነበረ። የዐፄ ልብነ ድንግል። በዶም ሮድሪጎ ዴ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን በዚያ ዓመት ምጽዋ ላይ ወርዶ፣ ወራት ተጉዞ ወደ ንጉሡ ሰፈር ደረሰ። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። ለንጉሡ ያመጡትን ስጦታ ይዘረዝራል። ሰይፍ፣ ጩቤ፣ ጥሩር፣ የግድግዳ መጋረጃ፣ የዓለም ካርታ፤ ደግሞም ኦርጋን። ከቡድኑ አባላት ስም መካከል ማኑኤል ዴ ማሬስ አለ፤ ሙያው ኦርጋን መጫወት ነው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሙዚቃ በኦርጋንና በተጫዋቹ ጣት ሆኖ፣ ተራራ ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ የኢትዮጵያ ንጉሥ ድንኳን ደጃፍ ደረሰ። ሦስቱም ነገሥታት ወጣቶች ነበሩ። ሦስቱም በዚያ ዓመት ድንኳን ውስጥ ነበሩ።

አልቫሬዝ የእኛንም መሣሪያ ጽፏል። መለከት፣ ከበሮ፣ እምቢልታ መሰል ነፋሻ አይቷል። ከዚያ አራት ማዕዘን የሆነ፣ እንደ ሃርፕ ያለ ባለ አውታር መሣሪያ በንጉሡ ፊት ሲደረደር ሰማ። ሰዎቹ «የዳዊት መሰንቆ» እንደሚሉት ይነግረናል። በገና ነው። ጥሩ አይጫወቱም ብሎም ጽፏል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ሥራ ቤት ትዝ ይለኛል። በአውሮፓም የሚነዝር ሃርፕ ነበር። ሆኖም የእኛ ቅኝት ለጆሮው እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ሁለት ጆሮዎች ተገናኝተው አልተግባቡም። ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ምን አለ?

አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ይህን ታሪክ ይሠራዋል፤ አዲስ አበባ ይሁን ሊዝበን ወይም ለንደን። ያን ጊዜ እባካችሁ ኪቦርድ አታምጡ። ማኑኤል ዴ ማሬስ የሚጫወተውን ከዘመኑ የፖርቱጋልና የስፔን ቤተ መንግሥት ዜማ ፈልጉለት። የስፔኑ «የቤተ መንግሥት የዜማ መጽሐፍ» ብቻ 458 ዘፈን ይዟል፤ የሁዋን ዴል ኤንሲና ሥራዎች እዚያ ሞልተዋል። ኦርጋኗን በእጅ በሚነፋ ወናፍ አስነፉ፤ የወናፉም ትንፋሽ ይሰማ። በእኛ በኩል ደግሞ የነጋሪቱን ቆዳ ድምፅ ከድምፅ ላይብረሪ አትለጥፉ፤ ጎሳሚውን አምጡት። በገናውን የሚይዘው ሰው ደርዳሪ ይሁን። እንዝራውን ሲያስተካክል ካሜራው ሁለት ደቂቃ ይታገሰው። ሲደረድር አልቫሬዝ ፊቱን ሲያጨፈግግ አሳዩን፤ ዜማውን ግን እስከ መጨረሻው አሰሙን።

ለዚያ ትዕይንት ደርዳሪ ከጠፋ በገናዬ የተቃኘ ነው። በየትኛውም ወር ብትጠሩኝ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ በገና ደርዳሪ፣ ለንደን